የአንድ አጥር ዶሮ የለችም፦ በተበላ ጎረቤት ከጎረቤት ዶሮ ማርቢያ መመሪያ

ፈንግል ሰፈር ሲገባ ከማን ቤት እንደጀመረ ማወቅ ያስቸግራል። ማታ ደህና ሆና ቆጥ ላይ የወጣች ዶሮ ጠዋት ክንፏን ጥላ፣ አረንጓዴ ኩስ እየጣለች፣ አፏን ከፍታ ለመተንፈስ ስትታገል ትገኛለች። ከሞት ብትተርፍም አንገቷ እንደተጠመዘዘ ሊቀር ይችላል። ሳምንት ሳይሞላ ግራና ቀኝ ያሉት ጎረቤቶችም ቆጥ ባዶ ይሆናል። ለልጅ ደብተር፣ ለጨውና ለሳሙና፣ ለድንገተኛ ሕክምና የታሰበው ሁሉ አብሮ ይሄዳል።

ተበላ ከሶዶ በስተደቡብ፣ ወደ አርባ ምንጭ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የሁምቦ ወረዳ ከተማ ናት። ወላይታ በአገራችን ሕዝብ ጥቅጥቅ ብሎ ከሰፈረባቸው አካባቢዎች አንዱ ስለሆነ የአንዱ ቤት እንሰት ለሌላው ጓሮ ጥላ ይሆናል። ዶሮ ደግሞ ድንበር አታውቅም። ጠዋት የእናንተን ጓሮ የጫረች ዶሮ ከሰዓት በኋላ የጎረቤትን ትጭራለች፣ ከሦስተኛው ቤት ደጃፍ ውሃ ትጠጣለች። አንድ ቤት ብቻውን ዶሮውን አስከትቦ፣ ቤቷን አጽድቶ፣ ጥሩ መኖ ገዝቶ ጎረቤቱ ግን ከገበያ ያመጣትን የታመመች ዶሮ ቢለቃት ልፋቱ ከንቱ ነው። ስለዚህ ይህን መመሪያ ስታነቡ ጎረቤቶቻችሁን ጠርታችሁ አንብቡት።

አብሮ ሕግ አውጥቶ አብሮ መጠበቅ ለሁምቦ ሰው እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በሁምቦ ተራራ የተራቆተውን 2,728 ሄክታር መሬት ሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት ከልቅ ግጦሽ ከልለው፣ ከሥር የቀረውን ጉቶ እየገረዙና እየተንከባከቡ መልሰው ደን አድርገውታል። ሥራው በዓለም ባንክ በኩል የካርቦን ክፍያ እስከማግኘት ደርሷል። ያ ክልከላ የሠራው ሁሉም ከብቱን ስለከለከለ ነው፤ ጥቂቶች ብቻ ከልክለው ቢሆን ኖሮ ችግኙ አይተርፍም ነበር። የዶሮ ጤናም በዚሁ መንገድ ይጠበቃል።

መጀመሪያ፦ ሰፈራችሁን ለዩ

ዶሮዎቻችሁ የሚገናኙባቸውን ቤቶች ቁጠሩ። የዘመድ ወይም የወዳጅ ቤት መምረጥ አይደለም፤ ዶሮ የምትደርስበት ሁሉ ይካተታል። ብዙውን ጊዜ ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ቤት ይሆናል፤ ከዚያ ከበዛ ለሁለት ተከፈሉ። አንዲት ዶሮ ብቻ ያላት አረጋዊት እናት ከሁሉ በፊት ትጠራ፣ ምክንያቱም ያልተከተበችው ያቺ አንድ ዶሮ ለሁላችሁም ቀዳዳ ናት። የማትግባቡት ጎረቤት ካለም ለዚህ ጉዳይ ሽማግሌ ልካችሁ አስገቡት። በአጥር ድንበር የተጣላ ሰው ዶሮው ከእናንተ ዶሮ ጋር አልተጣላችም።

ለመሰብሰብ አዲስ ኮሚቴ አያስፈልግም። ጠዋት የቡና ቅጠል (ሃይታ ቱኬ) ለመጠጣት የምትጠራሩበት ሰዓት ይበቃል። በወር አንድ ጊዜ፣ ቤት እየተዟዟራችሁ፣ ቡናው እየተጠጣ ስለ ዶሮ ብቻ አውሩ። ቤት መዟዟሩ የሚጠቅመው ለመስተንግዶ ብቻ አይደለም። ሁሉም የሁሉንም ጓሮ ያያል፤ የአንዷ ቆጥ አሠራር፣ የሌላዋ የውሃ መጠጫ፣ ጫጩት የሸፈነችበት ቅርጫት በቃል ከሚነገረው በላይ ያስተምራል። እንግዳ ሲመጣ ግን ጫማው ይታሰብበት። ቤቱ የታመመ ዶሮ ያለው ሰው በዚያ ሳምንት ስብሰባ አይምጣ፤ መልእክቱን በልጅ ሳይሆን በስልክ ይላክ።

ደብተሩን ለሴቶች ስጡ

አንድ ሃምሳ ሉክ ደብተር ግዙ። ለእያንዳንዱ ቤት አንድ ገጽ ይበቃል። የሚጻፈው ጥቂት ነው፦ ስንት እንቁላል ታቀፈ፣ ስንቱ ተፈለፈለ፣ ስንቱ ጫጩት ሁለት ወር ደረሰ፣ የሞተው በምን ሞተ፣ መቼ። ማንበብና መጻፍ ያልቻለች ካለች ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጅ ይጻፍላት።

ለምን እንደምትጽፉ ልንገራችሁ። ጎረቤት ለጎረቤት የሚሰጠው ምክር ብዙውን ጊዜ የሚታወሰውን ብቻ ይዞ ነው፤ የሞተው ይረሳል፣ የተረፈው ይወራል። ደብተሩ ላይ ሲታይ ግን አንዷ ቤት ከአሥራ ሁለት ጫጩት ዘጠኙን ስታሳድግ ሌላዋ ሁለት ብቻ ማሳደጓ ቁልጭ ብሎ ይወጣል። ያን ጊዜ ጥያቄው «አንቺ ምን አድርገሽ ነው?» ይሆናል። መልሱ ቀላል ነገር ሊሆን ይችላል፤ ለአንድ ወር ያህል ጫጩቶቹን ከቤት አለማውጣት፣ ወይም ጠዋት ጤዛው እስኪደርቅ ማቆየት። ልምድ መለዋወጥ የምንለው ይህንን ነው።

ደብተሩን የምትይዘው ሴት ትሁን። በገጠራችን ዶሮን የምታበላው፣ የምታሳቅፈው፣ ማታ የምትዘጋው እሷ ናት፤ ከእንቁላሉ የሚገኘውም ሳንቲም በአብዛኛው የእሷ ነው። ሥራው ትርፍ ሲያሳይ ባልየው ሊረከበው የሚሞክርበት ቤት አለ። ከመጀመሪያው ስብሰባ ላይ «የእንቁላል ገንዘብ የእናትየው ነው» ብላችሁ በጎረቤት ፊት ብትስማሙ በኋላ ከሚመጣ ጭቅጭቅ ያድናል።

ክትባቱ፦ የዚህ ሁሉ እምብርት

የፈንግልን መድኃኒት አትፈልጉ፤ የለም። በሽታው የሚመጣው በቫይረስ ነው። ሰዎች ነጭ ሽንኩርት፣ ሎሚ፣ ሚጥሚጣ፣ አረቄ ያጠጣሉ፤ ከፋርማሲ የሰው ቴትራሳይክሊን ገዝተው ውሃ ውስጥ ይበጠብጣሉ። አንቲባዮቲክ ቫይረስ አይገድልም፣ ቅሪቱ ግን በእንቁላሉና በሥጋው በኩል ወደ ልጆቻችሁ ይደርሳል። ገንዘባችሁን ለክትባት አውሉት።

ክትባቱ የሚመረተው እዚሁ አገር፣ ቢሾፍቱ በሚገኘውና በ1956 ዓ.ም በተመሠረተው የእንስሳት ክትባት አምራች ብሔራዊ ኢንስቲትዩት ነው። ዋጋው ለአንድ ዶሮ ሲታሰብ ከአንድ እንቁላል ዋጋ ያንሳል። ችግሩ ጠርሙሱ ላይ ነው። አንድ ጠርሙስ ለብዙ አሥር ዶሮዎች የሚበቃ ሲሆን ከተበጠበጠ በኋላ ውሎ ማደር አይችልም፤ በሁለት ሰዓት ገደማ ውስጥ ማለቅ አለበት። አምስት ዶሮ ያላት እናት ለብቻዋ ጠርሙስ ብትገዛ አብዛኛውን ትደፋዋለች። አሥር ቤት ሲገናኝ ግን ጠርሙሱ ልክ ይሆናል። የመንደር ዶሮ ሳትከተብ የኖረችበት አንዱ ትልቅ ምክንያት ይኸው ነው፤ መፍትሔውም እናንተው እጅ ላይ ነው።

ወራቱን አስቀድማችሁ ቁረጡ። ክትባቱ በየአራት ወሩ መደገም አለበት። የእኔ ምርጫ የካቲት፣ ሰኔና ጥቅምት ነው። የካቲት የሚሆነው የበልግ ዝናብ ከመግባቱና የፋሲካ ገበያ ዶሮን ከአገር አገር ማመላለስ ከመጀመሩ በፊት ስለሆነ ነው። የሰኔው ክረምቱንና የእንቁጣጣሽን ገበያ፣ የጥቅምቱ የገናን ይቀድማል። ዶሮዋ ከተከተበች በኋላ መከላከያዋ እስኪጎለብት አንድ ሁለት ሳምንት ስለሚወስድባት በሽታው አጎራባች ቀበሌ ደረሰ ከተባለ በኋላ መሯሯጥ ብዙም አይጠቅም።

ወደ ወረዳው የእንስሳት ክሊኒክ ወይም ወደ ቀበሌያችሁ የእንስሳት ጤና ባለሙያ የምትሄደው አንድ ተወካይ የሁሉንም የዶሮ ቁጥር ከደብተሩ ይዛ ትሂድ። «ሰፈራችን ውስጥ 74 ዶሮ አለ፣ ቅዳሜ ጠዋት እንሰበሰባለን» የሚል ሰው በባለሙያ ዘንድ ተሰሚነት ያገኛል። አይ-2 የሚባለው የክትባት ዓይነት ካለ ጠይቁ። በአውስትራሊያ ለመንደር ዶሮ ታስቦ የተዘጋጀና ሙቀት የሚችል ነው፤ መብራት በሚጠፋበትና ፍሪጅ በሌለበት አካባቢ ይመረጣል። ሌሎቹ ኤች ቢ-1 እና ላሶታ ቅዝቃዜ ይፈልጋሉ፣ በበረዶ ተይዘው በፔርሙስ መጓዝ አለባቸው። ኪስ ውስጥ ተደርጎ በባጃጅ የመጣ ጠርሙስ ፀሐይ ነክቶት ከሆነ ውሃ እንደማንጠብጠብ ነው።

የክትባቱ ቀን እንዲህ ይሁን። በዋዜማው ማታ ሁሉም ቤት ዶሮውን ቆጥሮ ይዝጋ፣ ጠዋትም እንዳይከፍት። አንዴ ከተለቀቁ በእንሰቱ ሥር ሲያሯሩጧችሁ ሁለቱ ሰዓት ያልቃል። ንጋት 12 ሰዓት ላይ ባለሙያው ወይም በእሱ የሠለጠነች ጎረቤት ከሰፈሩ ዳር ካለው ቤት ትጀምር። አንድ ሰው ዶሮዋን በግራ ክንዱ ታቅፎ ክንፎቿን ከሰውነቷ ጋር ይያዝ፣ በቀኝ እጁ ራሷን ወደ ጎን ያዘንብል። ሌላው ጠብታውን ከዓይኗ ትንሽ ከፍ አድርጎ፣ ጫፉ ሳይነካት፣ አንዲት ጠብታ ይጣል። ወዲያው አትልቀቋት። ጠብታዋ ዓይኗ ላይ ተዘርግታ፣ ዶሮዋ ዓይኗን ጨፍና ስትከፍት ትጠፋለች፤ ያኔ ገብቷል ማለት ነው። ወደ ጉንጯ ከወረደ ይደገም። ለትልቋም ለትንሿም ያው አንድ ጠብታ ነው። የተከተበችውን እግር ላይ ክር እሰሩላት፣ ያላሰሩት ወደ መጨረሻ ላይ ይምታታባቸዋል። የታመመ የሚመስል ዶሮ አይከተብ። ከከተባችሁ በኋላ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፣ ክትባት በነካው እጅ ዓይናችሁን አትሹ፤ ቫይረሱ ሕያው ስለሆነ የሰው ዓይን ለጥቂት ቀን ያቀላል። ባዶውን ጠርሙስ ቅበሩ ወይም አቃጥሉ።

ስለ ክፍያው አንድ ነገር። በቤት ሳይሆን በዶሮ ቁጥር ይከፈል። መክፈል ያልቻለች ካለች ሌሎቻችሁ ክፈሉላት፣ እንደ ውለታም አትቁጠሩት፤ የገዛችሁት ለራሳችሁ ዶሮ ጥበቃ ነው።

ከገበያ የመጣ ዶሮ

ከተበላ ገበያ ወይም ከሶዶ የተገዛ ማንኛውም ዶሮ፣ በስጦታ የመጣም ቢሆን፣ ለሁለት ሳምንት ለብቻው ተዘግቶ ይቆይ። ጓሮው ጠባብ ለሆነ ቤት ይህ ከባድ ነው። ለዚህ ነው ሰፈሩ አንድ የጋራ ማቆያ ቢኖረው የሚሻለው፤ ከዳር ያለ ቤት አጠገብ፣ ከቀርከሃ ወይም ከባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ የተሠራ፣ ለሦስት አራት ዶሮ የሚበቃ። ጠባቂዋ መጀመሪያ የራሷን ዶሮዎች፣ ከዚያ የማቆያዎቹን ታብላ፣ ቅደም ተከተሉ እንዳይገለበጥ።

ለበዓል የታረደ ዶሮ ላባና ሆድ ዕቃ መንገድ ላይ አይጣል፤ ጉድጓድ ይቆፈርለት። ዶሮ ሲያማት ደግሞ ቶሎ ወስዶ መሸጥ የሚባለውን ልማድ በሰፈራችሁ ስምምነት አስቀሩት። የታመመችዋን እዚያ ሸጣችሁ፣ በዚያው ገበያ የሌላ ሰው የታመመች ትገዛላችሁ። ለሞተችው ክንድ የሚያህል ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍራችሁ ቅበሩ፣ ውሻ እንዳያወጣት ላይዋ ላይ ድንጋይ ጫኑ።

ቤቷ

ብዙ ቤት ዶሮ የምታድረው ከሰው ጋር ነው፤ ሌባውና ሸለምጥማጡ ስለሚፈሩ። ነገር ግን የኩሱ አቧራ ለሕፃናት ሳንባ ጥሩ አይደለም። ከግድግዳ ጋር የተያያዘች፣ በሯ ከውስጥ የምትከፈት ትንሽ ቤት ሁለቱንም ታሟላለች። ወለሏ ከመሬት ከፍ ይበል፤ ኩስ በሥሩ እንዲወርድ ወለሉን በቀርከሃ ክፍልፋይ አቀራርባችሁ ሥሩት። ለአንድ ካሬ ሜትር ከአምስት እስከ ሰባት የሐበሻ ዶሮ ይበቃል። የቆጥ እንጨቱ ክብ ሆኖ ጣት ሊጨብጠው የሚችል፣ ሁሉም በአንድ ከፍታ። ከፍና ዝቅ ካለ ለላይኛው ይጣላሉ፣ የታችኞቹም ላይ ኩስ ይወርድባቸዋል። የዶሮ ቅማልና መዥገር ለመከላከል እንጨቱ ስንጥቅ ላይ በየሁለት ሳምንቱ የፈላ ውሃ አፍስሱ፤ ጓሮ ጥግ ላይ ደረቅ አመድ ከአሸዋ ጋር ደባልቃችሁ ተዉላቸው፣ ራሳቸው ይታጠቡበታል። የተጠረገው ኩስ ለእንሰቱ ሥር ነው፤ ትኩሱ ያቃጥላልና ጥቂት ሳምንት አብስሉት።

እንቁላል አብሮ ማሳቀፍ

የሐበሻ ዶሮ በዓመት ከ30 እስከ 60 እንቁላል ትጥላለች፤ በአንድ ዙር አሥራ ሁለት ያህል ጥላ ትታቀፋለች፣ ከዚያ ጫጩት ስታሳድግ ወራት ያልፋሉ። ጎረቤት እዚህ ላይ የሚጠቅመውን ያህል የትም አይጠቅምም።

ሁለት ቤት በአንድ ሳምንት ውስጥ ማቀፍ የጀመሩ ዶሮዎች ካሏቸው በአንድ ቀን አሳቅፏቸው። በ21ኛው ቀን ሲፈለፈሉ፣ በሌሊት፣ የሁለቱንም ጫጩቶች ለተሻለችው እናት አስገቡላት። በጨለማ ስለማትለይ ትቀበላለች፤ እስከ ሁለተኛው ቀን ከዘገያችሁ ግን መንከስ ትጀምራለች። ልጆቿ የተወሰዱባት ዶሮ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ወደ መጣል ትመለሳለች። ቀጣዩን ዙር ተራ ትቀያየራላችሁ። ማቀፏን ማስቆም ሲፈለግ ውሃ ውስጥ መንከር፣ ቁልቁል መስቀል ወይም በአፍንጫዋ ላባ ማሳለፍ ይለመዳል። ማሰቃየት ነው፤ ከሥሩ አየር በሚያስገባ፣ ገለባ በሌለው የቀርከሃ ሳጥን ለሦስት አራት ቀን ከውሃና መኖ ጋር አቆዩአት፣ ራሷ ትተወዋለች።

እንቁላሉን ስትመርጡ ከአንድ ሳምንት በላይ ያልቆየ፣ መካከለኛ መጠን፣ ያልተሰነጠቀ ይሁን። በቀዝቃዛ ጥላ ውስጥ ሹል ጫፉ ወደ ታች ሆኖ ይቀመጥ። አትጠቡት፣ ቅርፊቱን የሚጠብቀው ሽፋን ይታጠባል። በሰባተኛው ቀን ማታ ቤቱን አጨልሙና የስልክ መብራት ላይ መዳፋችሁን ጨብጣችሁ በጣቶቻችሁ መሐል እንቁላሉን አስቀምጡ። ሕይወት ያለው ቀጫጭን ቀይ የደም ሥር ከመካከል ጥቁር ነጥብ ወጥቶ ሲዘረጋ ይታያል። ምንም የሌለው ጥርት ብሎ ብጫ ያበራል፤ አውጡት። የደም ቀለበት ብቻ ያለው ሞቷል፣ እሱም ይውጣ፤ ከቆየ ገምቶ ሊፈነዳና ሌሎቹን ሊያበላሽ ይችላል። የሁለት ቤት ዶሮ በአንድ ቀን ከታቀፈች በዚህ ማታ የቀሩትን ወደ አንዷ ማጠቃለል ትችላላችሁ።

አውራው ላይ ሳታስተውሉት የሚገባ ችግር አለ። አንድ አውራ ለዓመታት ከገዛ ልጆቹ ጋር ሲዋለድ ጫጩቶቹ እየቀነሱ፣ እየደከሙ ይሄዳሉ። በዓመት አንድ ጊዜ አውራዎቻችሁን ተለዋወጡ፣ ከአጥር ጎረቤት ጋር ሳይሆን ራቅ ካለው ሌላ ሰፈር ጋር ቢሆን ይመረጣል። ለስምንት አሥር እንስት አንድ አውራ ይበቃል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ቤት አውራ መቀለብ የለበትም።

ጊዜውስ? በወላይታ በበልግና በክረምት የተፈለፈለ ጫጩት ከብርድና ከእርጥበት ጋር ይታገላል፤ ደም የተቀላቀለበት ኩስ የሚያስከትለው ኮክሲዲዮሲስም በእርጥብ ወለል ይስፋፋል። ከወላይታ ዘመን መለወጫ ከጊፋታ በኋላ፣ በመስከረም መጨረሻ የታቀፈ እንቁላል ጥቅምት ላይ ይፈለፈላል፣ ጫጩቱ በበጋ ያድጋል። አውራዎቹ ለፋሲካ ስድስት ወር ገደማ ሆኗቸው ገበያ ሊወጡ ይችላሉ፤ ቀጠን ካሉም ለእንቁጣጣሽ ይቆያሉ። ጭልፊት የሚያነሳቸው በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት ስለሆነ እስከዚያ በተደፋ ቅርጫት ሥር ወይም በተከለለ ቦታ ይሁኑ። ልጆቹ ተራ እየገቡ የሦስት ቤት ጫጩት በአንድ ክልል መጠበቅ ይችላሉ።

መኖ

እዚህ አጭር ልሁን፤ ጓሮው ብዙ ስለሚሰጥ። ጠዋት እፍኝ የተሸረከተ በቆሎ፣ ማታ ወደ ቤት ስትጠሯቸው ሌላ እፍኝ። የስኳር ድንች ሐረግና የሽፈራው ቅጠል ተከትፎ ይሰጥ፤ ሽፈራው ፕሮቲን ስላለው ለጫጩት ጥሩ ነው፣ በእኛ ቆላማ በኩል ዛፉ በየጓሮው አለ። የተሰነጠቀ የምስጥ ኩይሳ ለጫጩት ግብዣ ነው። የእንቁላል ቅርፊት ለካልሲየም በእሳት አሙቃችሁ አድቅቃችሁ ስጡ፤ ሳይደቅ ከተሰጠ እንቁላል መብላት ይለምዳሉ።

መጠንቀቅ ያለባችሁ ሦስት ነገር ነው። ጥሬ ካሳቫ መርዝ አለው፤ ተልጦ፣ ተከትፎ፣ በደንብ ደርቆ ካልሆነ አይሰጥ። ጎደሬና ቦሎቄም ሳይቀቀሉ አይሁን። የሻገተ በቆሎ ደግሞ ለሰው የማይሆነውን ለዶሮ ብላችሁ እንዳታሳልፉ፤ በሻጋታው ውስጥ ያለው መርዝ የዶሮን ጉበት ያጠፋል፣ ወደ እንቁላሉም ያልፋል። ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ ከሶዶ ስትገዙ በኩንታል ተገዝቶ ቢከፋፈል የትራንስፖርቱ ወጪ ይቀንሳል።

የ45 ቀን ጫጩት

የሌማት ትሩፋት መርሃ ግብር በ2015 ዓ.ም በአርባ ምንጭ ይፋ ከሆነ ወዲህ የተሻሻሉ ዝርያዎች የ45 ቀን ጫጩቶች በየቀበሌው ይከፋፈላሉ። ስትቀበሉ ስለ ዝርያው ጠይቁ። ቦቫንስ ብራውን የሆላንድ ዘር ነው፤ ሙሉ መኖ ካገኘ በዓመት እስከ 300 እንቁላል ይጥላል፣ በጓሮ ጭሮ ብቻ ግን አይሆንለትም፣ አይታቀፍምም። ከፈረንሳይ የመጣው ሳሶ ለሥጋም ለእንቁላልም ይሆናል፣ ጓሮንም ይችላል። ዝንጉርጉሩ ኮኮክ በደቡብ አፍሪካ የተገኘ ሲሆን እሱም ለእንዲህ ዓይነት አያያዝ ጥሩ ነው። የትኞቹን ክትባቶች ወስደው እንደመጡ በጽሑፍ ተቀበሉ፦ ማርክስ፣ ጉምቦሮ፣ ፈንግል። አንድ ቤት በብድር ሃምሳ ከመውሰዱ በፊት ሰፈሩ ተሰብስቦ «መኖውን በወር ስንት ብር ይችላል?» ብሎ ያስላ። እኔ የምመክረው አምስት አምስት ወስዶ ለስድስት ወር ማየት፣ ደብተሩ ላይ መጻፍ፣ ከዚያ መጨመር ነው።

ዶሮ ለሌላት ዶሮ

በወላይታ ከብትን በሽርክና መያዝ የኖረ ነው፤ ሁለት ሰው አንድ ከብት በጋራ የሚይዝበት ኮታም፣ የአንዱን ከብት ሌላው የሚያረባበት ሐራም ላም ያልነበረውን ቤት ወተት አስቀምሰዋል። በዶሮም ይቻላል። አንዲት ቄብ ለሌላት ጎረቤት ስጡ፣ ከመጀመሪያው ዙር ጫጩት እኩል ተካፈሉ፣ እናቲቱ ከሁለተኛው ዙር በኋላ ለተቀባይዋ ትቅር። ፈንግል ቢወስዳት፣ ጭልፊት ጫጩቱን ቢያነሳ ኪሳራው የማን እንደሆነ ግን ዶሮዋ ከእጅ ሳትወጣ ይነገር፤ ዝም ብሎ በመተማመን የተሰጠች ዶሮ ጎረቤት ታጣላለች።

በሁዳዴ 55 ቀን የእንቁላል ገበያ ይቀዘቅዛል፣ ከፋሲካ ዋዜማ ጀምሮ ይወጣል። በዚያ ወቅት አንዲት ሴት የአሥሩን ቤት እንቁላል ሰብስባ በመንገዱ ላይ ላሉ ሆቴሎች ብትወስድ በአንድ በአንድ ለነጋዴ ከመስጠት ይሻላል። ከሁሉ በፊት ግን ለሁለት ዓመት ሕፃን በሳምንት ጥቂት እንቁላል ከሽያጩ ይቀነስለት።

በሽታ ከገባ

ሁለት ዶሮ በሦስት ቀን ውስጥ ከሞተ ዝም አትበሉ። በዚያው ቀን ለሁሉም ቤት ይነገር፣ ሁሉም ዶሮውን ይዝጋ፣ ግዢና ሽያጭ ይቁም፣ የእንስሳት ጤና ባለሙያው ይጠራ። ምክንያቱን ማወቅ ከተፈለገ ገና የሞተች ዶሮ ሳትበለት፣ በሁለት ፌስታል ታሽጋ፣ በበረዶ ሆና በዚያው ቀን ሶዶ ወደሚገኘው የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ በባለሙያው በኩል ትላክ። ሁሉ ነገር ፈንግል አይደለም። ራሷ ላይ ኪንታሮት የሚመስል ቁስል ካለ የዶሮ ፈንጣጣ ሊሆን ይችላል፣ ጫጩት ብቻ ከሞተና ኩሱ ደም ከሆነ ኮክሲዲዮሲስ ሊሆን ይችላል፣ ለእሱ መድኃኒት አለ።

ሰፈሩ ካለቀ ደግሞ ለመተካት አትቸኩሉ። ቆጡን አውጥታችሁ አቃጥሉ፣ ወለሉን ጥረጉ፣ ግድግዳውን በኖራ ቀቡ፣ ቤቱን ቢያንስ ለአንድ ወር ባዶ አድርጋችሁ ፀሐይ ይግባበት። ተርፋ የቀረች ዶሮ ካለች በዚያ ጊዜ ውስጥ ለብቻዋ ትያዝ፣ ደህና ብትመስልም በሽታውን ልታስተላልፍ ትችላለች። ከዚያ ሁላችሁም በአንድ ቀን ጀምሩ፤ ቄቦቹ ከአንድ ቦታ የተገዙ፣ ከመግባታቸው ሁለት ሳምንት በፊት የተከተቡ ይሁኑ፣ የደብተሩም አዲስ ገጽ በዚያው ቀን ይከፈት።